ኢም

ኢም በእንግሊዝ ደርቢሸር አውራጃ፣ በፒክ ዲስትሪክት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለች ትንሽ የገጠር መንደር ናት። ነዋሪዎቿ ለዘመናት በእርሻና የእርሳስ ማዕድን በማውጣት ኖረዋል። ስሟ የገነነው ግን በ1665 እና በ1666 እ.ኤ.አ. በወረደባት ቸነፈር ነው።

በትውፊት እንደሚነገረው በሽታውን ያስገባው ከለንደን ለልብስ ሰፊ የተላከ፣ ቁንጫ ያለበት ጨርቅ ነው። መጀመሪያ የሞተው ጆርጅ ቪካርስ የተባለ ሰው ሲሆን፣ ጊዜውም ሴፕቴምበር 1665 ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሞቱ ሲበረታ ወጣቱ የደብሩ አለቃ ቄስ ዊልያም ሞምፐሰን ማንም ከመንደሯ እንዳይወጣ ሕዝቡን ለመኑ፤ ሕዝቡም ተስማማ። ከጎናቸው የቆሙት፣ አዲሱን የጸሎት ሥርዓት አንቀበልም ብለው ከዚያው ደብር የተነሡት ቄስ ቶማስ ስታንሊ ናቸው። በሃይማኖት የተለያዩት ሁለቱ ካህናት ባይተባበሩ ኖሮ ውሳኔው መጽናቱ ያጠራጥራል። የሟቾቹ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ወደ 260 ይገመታል።

ከኢም ወደ ጎረቤቷ ስቶኒ ሚድልተን በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር የወሰን ድንጋይ የሚባል ቋጥኝ አለ። አናቱ ላይ ስድስት ጉድጓዶች ተፈልፍለዋል። የመንደሯ ሰዎች ጉድጓዶቹን ኮምጣጤ ሞልተው ሳንቲም ይጨምሩባቸው ነበር፤ ኮምጣጤው በሽታውን ይገድላል ብለው ያምኑ ነበርና። ጎረቤቶቻቸው ደግሞ በሳንቲሙ የሚከፈልበትን ምግብ አስቀምጠው፣ ሳንቲሙን ለቅመው ይመለሳሉ። ማንም ከማንም ፊት ለፊት አይገናኝም። በሰሜን በኩል ያለው የሞምፐሰን ምንጭም ለዚሁ አገልግሏል።

ከመንደሯ ወጣ ብሎ፣ በክብ የድንጋይ ካብ የታጠረው የራይሊ መቃብር ይገኛል። እዚያ ኤልዛቤት ሃንኮክ የተባለች ሴት በኦገስት 1666፣ በስምንት ቀን ውስጥ፣ በቸነፈሩ የሞቱትን ባሏንና ስድስት ልጆቿን ብቻዋን ቀብራለች። ከኢም መታሰቢያዎች ሁሉ ልብ የሚሰብረው ይህ ነው።

በቅዱስ ሎውረንስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ በ8ኛው መቶ ዘመን ገደማ የተቀረጸ የድንጋይ መስቀል ቆሟል። ከግንዱ ከፊሉ ቢጠፋም አናቱ አልተለየውም። በዚያው ግቢ፣ በቸነፈሩ የሞቱት የቄሱ ባለቤት ካትሪን ሞምፐሰን አርፈዋል። በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የ1775 የፀሐይ ሰዓት ይታያል። ኢም ሆል የተባለው ታላቅ መኖሪያ ቤት የተሠራው ከወረርሽኙ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።

በወረርሽኙ ጊዜ ሕዝቡ ተጠጋግቶ እንዳይቆም ሲባል ጸሎቱ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ከክሌት ደልፍ በተባለው ሸለቆ ይደረግ ነበር። የሟቾቹ መታሰቢያ ጸሎት በየዓመቱ በኦገስት የመጨረሻ እሑድ ይካሄዳል።