የድሃው ቂጣና ሦስቱ የመንግሥት ወረቀቶች

በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን፣ በአድሪያቲክ ባሕርና በአፔኒን ተራሮች መካከል ሮማኛ የሚባል አገር አለ። ሪሚኒ፣ ራቬና፣ ፎርሊና ቼዜና የሚባሉት ከተሞች የሚገኙት እዚያ ነው። የሮማኛ ስም በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚነሣው ምግብ ፒያዲና ነው፤ እርሾ የማይገባበት፣ ምጣድ ላይ ወጥቶ በደቂቃዎች የሚደርስ ስስ የስንዴ ቂጣ። ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና ስብ ካለ አለቀ።

እንዲህ ላለ ነገር ታሪክ ጸሐፊ አይገኝለትም። የጥንት የቤተ መንግሥት ወጥ ቤቶች የጻፏቸው መጻሕፍት ስለ ጥብስና ስለ ቅመም ያወራሉ እንጂ ገበሬ ለራቱ ስለሚጋግረው ቂጣ ደንታ የላቸውም። ስለዚህ የፒያዲናን ዱካ መከተል የፈለገ ሰው የሚሻለው የመንግሥትን ወረቀት ማገላበጥ ነው። በስድስት መቶ ዓመታት ውስጥ ሦስት ወረቀቶች ከዚህ ቂጣ ጋር ተገናኝተዋል። አንዱ ቆጠረው፣ አንዱ አስገበረው፣ የመጨረሻው ደግሞ ጥብቅና ቆመለት። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የካርዲናሉ ቆጠራ

በ14ኛው መቶ ዘመን ሮማኛ የምትተዳደረው በሮማው ሊቀ ጳጳስ ሥር ነበር። ሊቃነ ጳጳሳቱ ራሳቸው ግን በዚያ ዘመን መንበራቸውን ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ አቪኞ አዛውረው ነበር። ከሩቅ ሆኖ የሚገዛ ሰው ደግሞ ምን እንደሚገዛ በጽሑፍ ማወቅ ይፈልጋል። የሊቀ ጳጳስ ኡርባን አምስተኛ ወንድም ካርዲናል አንግሊክ ግሪሞር በ1371 ሮማኛን መንደር በመንደር፣ ምድጃ በምድጃ አስቆጠረ። ሰነዱ የሚዘረዝረው ምሽጎችን፣ ቤተሰቦችንና የሚከፈለውን ግብር ነው። ስለ ፒያዲና የሚጽፉ ሰዎች በሰፊው እንደሚጠቅሱት፣ በስንዴ ዱቄት፣ በውሃና በጨው የሚቦካው፣ ወተትና ስብ የሚጨመርበት የዚህ አገር ቂጣ በጽሑፍ የተነሣው መጀመሪያ በዚሁ ሰነድ ነው።

ከዚያ የራቀ የዘር ሐረግ የሚፈልጉ ወደ ጥንቱ የሮም ገጣሚ ወደ ቨርጂል ይሄዳሉ። በ“ኤኔይድ” ሰባተኛ መጽሐፍ ስደተኞቹ የትሮይ ሰዎች ጣሊያን እንደ ደረሱ ምግባቸውን ስስ ቂጣ ላይ አድርገው ይበላሉ፤ ቀጥለው ቂጣውንም ይበሉታል። የመሪያቸው የኤኔያስ ልጅ ማዕዳችንን እኮ በላነው ብሎ ሲቀልድ፣ ማዕዳቸውን የሚበሉበት ቦታ አገራቸው እንደሚሆን የተነገረው ትንቢት ተፈጸመ። ቨርጂል ያንን ሲጽፍ ሮማኛን አላሰበም ይሆናል። ሳህንም እንጀራም የሚሆን ቂጣ ግን ለጣሊያን ምድር አዲስ እንዳልነበረ ይመሰክራል።

እርሾ ያልገባው ለምንድን ነው?

መልሱ ጣዕም አይደለም፤ ጊዜ፣ ማገዶና መሬት ነው። የሮማኛ ገበሬ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሚያርሰው በአብዛኛው የሌላ ሰው መሬት ነበር። ጣሊያኖች ሜዛድሪያ የሚሉት ሥርዓት የእኛ አባቶች እኩል አራሽነት ከሚሉት ጋር አንድ ነው፤ ከምርቱ ግማሹ ለባለ መሬቱ ይገባል። በእርሾ የቦካ ዳቦ ለመጋገር ትልቅ ምድጃ በብዙ እንጨት ማጋል ያስፈልጋል። ስለዚህ ዳቦ የሚጋገረው በሳምንት አንዴ ያህል ነበር። ዳቦው ቀድሞ ካለቀ የቤቱ እመቤት፣ በአገሩ ቋንቋ አዝዶራ፣ ዱቄት በስብ አሽታ፣ ዳምጣ፣ ምጣድ ላይ ታወጣዋለች። ለእሳቱ ከወይን ተክል የተገረዘ ጭራሮ ይበቃል። ስቡም ከሩቅ አይመጣም፤ በክረምት የታረደው አሳማ ሞራ ቀልጦ ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣል። የእኛ እናቶች ሊጡ ገና ሳይቦካ እንጀራው ሲያልቅባቸው ቂጣ እንደሚያደርሱ ማለት ነው።

ምጣዱም ከእኛው ጋር ይዛመዳል። በሶሊያኖ ወረዳ፣ ሞንቴቲፊ በምትባል ኮረብታማ መንደር፣ ሸክላ ሠሪዎች ጠፍጣፋ የሸክላ ምጣድ ይሠሩ ነበር፤ ዛሬም በጣት የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ሥራውን ይዘውታል። እሳት እንዳይሰነጥቀው ጭቃው ከተፈጨ ድንጋይ ጋር ይደባለቃል። ዛሬ ብዙ ቤት የሚጠቀመው ብረት ምጣድ ነው።

በወፍጮ ላይ የተገጠመ ቆጣሪ

ሁለተኛው ወረቀት ቂጣውን በስሙ አይጠራውም፤ የሚይዘው ከመነሻው ከዱቄቱ ነው። በ1861 አንድ የሆነችው አዲሲቱ ጣሊያን ዕዳ ስለ ከበዳት በ1868 የወፍጮ ግብር ሕግ አወጣች፤ ሕጉ የጸናው ከጥር 1 ቀን 1869 ጀምሮ ነው። በአንድ ኩንታል ስንዴ 2 ሊሬ፣ በአንድ ኩንታል በቆሎ ደግሞ 80 ሳንቲም ይከፈላል። በየወፍጮው የድንጋዩን ዙር የሚመዘግብ ቆጣሪ ተገጠመ። ባለ ወፍጮው በዙሩ ልክ ለመንግሥት ይከፍላል፤ እርሱ ደግሞ እህል ሊያስፈጭ ከመጣው ገበሬ ይሰበስባል።

በዚያው ጥር ወር ገጠሩ ተነሣ። ሁከቱ ከሁሉ የበረታው የሮማኛ ጎረቤት በሆነችው በኤሚሊያ ነበር። መንግሥት ጄኔራል ራፋኤሌ ካዶርናን ከጦር ጋር ላከ፤ በመላ አገሪቱ ከ250 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ግብሩ ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ1884 ነው። እስከዚያ ድረስ ድሃው የሚያውቀውን መላ መታ፤ ግብሩ ወደሚቀለው ወደ በቆሎ ይበልጥ አዘነበለ። የሮማኛ ድሃም በቂጣው ሊጥ ውስጥ የበቆሎ ዱቄት መደባለቅ የለመደ ነበር። ከበቆሎ ሌላ የሚበላ ባልነበረው የሰሜን ጣሊያን ገጠር ደግሞ ቆዳን የሚያቆስለውና አእምሮን የሚያውከው ፔላግራ በሽታ ተስፋፋ። ንጹሕ የስንዴ ፒያዲና በዚያ ዘመን ከድሃው ቤት ለደህና ቀን የሚቀመጥ ነበር።

ገጣሚው፣ ድሃውና ምኒልክ

ይህን ቂጣ ከጓዳ አውጥቶ ለመላው ጣሊያን ያሳወቀው ጆቫኒ ፓስኮሊ ነው። በ1855 ሳን ማውሮ በምትባል የሮማኛ መንደር ተወለደ፤ ዛሬ መንደሪቱ በስሙ ትጠራለች። “ላ ፒያዳ” በተሰኘው ግጥሙ እኅቱ ማሪያ ሊጡን በእጇ ስታለዝበውና ስትዳምጠው ያሳየናል፤ ያልቦካውን ቂጣም የገበሬ ቅዱስ ምግብ አድርጎ ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ፒያዲና የሮማኛ መለያ ሆነ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን የፓስኮሊ ታሪክ በዚህ አያበቃም። ኅዳር 26 ቀን 1911 ባርጋ በምትባል ከተማ ቲያትር ውስጥ ያ የድሆች ገጣሚ ቆሞ ጣሊያን ሊቢያን መውረሯን ደገፈ። ሙግቱ የተገነባው በዚያው ድሃ ገበሬ ላይ ነው፤ የአገሩ መሬት ስለማይበቃው በባዕድ አገር እየተናቀ የሚለፋው ጣሊያናዊ መሬት ይገባዋል አለ። ባዕዳን ጣሊያኖችን የሚዘልፉበትን ሲዘረዝርም የዐድዋን ሽንፈትና የምኒልክን ስም አነሣ። ንግግሩ ከተደረገ ከ24 ዓመት በኋላ፣ ፕሬዳፒዮ በምትባል የሮማኛ መንደር የተወለደው ቤኒቶ ሙሶሊኒ ተመሳሳዩን ምክንያት ይዞ ጦሩን ወደ ኢትዮጵያ አዘመተ። የሮማኛ እኩል አራሽ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ከምርቱ ግማሽ ያህሉን ለባለ መሬት ማስረከቡን አልተወም። አዲስ የእኩል ውል መግባት የተከለከለው በ1964፣ ነባሮቹ ውሎች ወደ ኪራይ እንዲለወጡ የተደነገገው ደግሞ በ1982 ነው። የገበሬው ችግር የነበረው እዚያው ቤቱ፣ በውሉ ላይ ነበር።

ከጓዳ ወደ ገበያ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሪሚኒ የባሕር ዳርቻ በበጋ ተዝናኞች ተጥለቀለቀ። የገጠር ሴቶች ምጣዳቸውን ይዘው ወደ መንገድ ዳር ወጡ፤ ባለ ቀጥ ያለ መስመር ቀለም የተቀቡት ትንንሽ ኪዮስኮች የዳርቻው ምልክት ሆኑ። ፒያዲናው እጥፍ ብሎ በውስጡ ስኳክዌሮኔ የተባለው ለስላሳ አይብ፣ ሩኮላ ቅጠል ወይም ፕሮሹቶ የተባለው የደረቀ የአሳማ ሥጋ ይገባበታል።

ሦስተኛው ወረቀት በ2014 ከብራስልስ መጣ። የአውሮፓ ኅብረት “ፒያዲና ሮማኞላ” የሚለውን ስም በቦታ ከሚጠበቁ ምግቦች መዝገብ አስገባው። ደንቡ ለ1 ኪሎ ዱቄት እስከ 250 ግራም ስብ ወይም የወይራ ዘይት፣ እስከ 25 ግራም ጨው ይፈቅዳል። ወፈር ያለው ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኖረዋል፤ የሪሚኒው ግን እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ከ3 ሚሊ ሜትርም አይወፍርም። ከሮማኛ ውጪ፣ ሞደና የሚገኝ አንድ አምራች ደንቡን በፍርድ ቤት ቢሞግትም በ2018 ተረታ። በሌላ በኩል በእጅ የሚጋገረው ይለይልን የሚሉ ሰዎች ፋብሪካም በዚሁ ስም መጠቀሙ ቅር አሰኝቷቸዋል። ክርክሩ የቦታ ነበር፤ ድንበሩ ውስጥ ያለ ፋብሪካ ስሙን ያገኛል፣ ድንበሩን ተሻግራ የምትጋግር አዝዶራ አታገኝም።

በቤትዎ ለመጋገር

ደንቡ የወይራ ዘይት መፍቀዱ ለእኛ መልካም ነው፤ የአሳማ ሞራ ለማይበላም ለሚጾምም ይመቻል። ለስድስት ፒያዲና ግማሽ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ 10 ግራም ጨውና፣ ከፈለጉ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ይቀላቅሉ። 5 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት ጨምረው ዱቄቱን በጣትዎ ይፈትጉት። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ይህ ነው፤ ቅባቱ ዱቄቱን ስለሚሸፍነው ሊጡ እንደ ዳቦ ሊጥ ጅማታም አይሆንም፤ ቂጣው ለስላሳና ተቆራሽ ይወጣል። ከዚያ አንድ የሻይ ብርጭቆ ተኩል ያህል ለብ ያለ ውሃ ጥቂት በጥቂት እያፈሰሱ ሊጡ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ያሹት።

በጨርቅ ሸፍነው ግማሽ ሰዓት ያሳርፉት። ያላረፈ ሊጥ ሲዳመጥ ይሰበሰባል። ስድስት ቦታ ድቡልቡል አድርገው በመዳመጫ ስስ እስኪሆን ይዳምጡት። ምጣዱ ደረቅና በደንብ የጋለ ይሁን፤ ዘይት አይቀባም። የሚነፋውን በሹካ እየወጉ እያንዳንዱን ገጽ ሁለት ደቂቃ ያህል ያብስሉ፤ ጠቆር ጠቆር ያሉ ነጥቦች ሲታዩ ደርሷል። ምጣዱ ካልጋለ ቂጣው ቀስ ብሎ ይደርቅና ሲታጠፍ ይሰበራል። የወጣውን በጨርቅ ጠቅልለው ይደራርቡት፤ በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል። ሮማኛ ውስጥ የተቀቀለ ቅጠል በነጭ ሽንኩርት ጠብሰው ያጥፉበታል፤ የእኛ ጎመንም ያንኑ ቦታ ይሞላል፣ በፍስክ ደግሞ አይብ ይጨመርበታል።

እንዲህ አዲስ አበባ የተጋገረውን “ፒያዲና ሮማኞላ” ብሎ አውሮፓ ውስጥ መሸጥ በሕግ ያስጠይቃል። መብላቱን ግን የሚከለክል ደንብ የለም፤ ይህ ቂጣ ከመጀመሪያውም የተጋገረው ለራት እንጂ ለገበያ አልነበረም።