ብክለትና ሰብዓዊ ካፒታል፦ በዕድገት ሒሳብ ያልተመዘገበው ኪሳራ

ሮበርት ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጥናት ሰብዓዊ ካፒታል የኢኮኖሚ ዕድገት ሞተር መሆኑን ካሳየ ወዲህ፣ ብዙ ኢኮኖሚስቶች ትምህርትንና ክህሎትን የማይነጥፍ የሀብት ምንጭ አድርገው ይመለከታሉ። ማዕድን ያልቃል፣ ማሽን ያረጃል፤ ዕውቀት ግን እየተጠራቀመ ይሄዳል ይባላል። ነገር ግን ዕውቀት የሚያድረው በሰው አካል ውስጥ ነው፤ አካሉ ሲጎዳ የመማርም የመሥራትም አቅሙ አብሮ ይጎዳል።

ጂን ግሮስማንና አለን ክሩገር በ1990ዎቹ የአንዳንድ በካይ ነገሮች መጠን ገቢ ሲያድግ መጀመሪያ ጨምሮ በኋላ እንደሚቀንስ አሳዩ። ከዚህ ተነሥተው “አስቀድመን እንበልጽግ፣ ማጽዳቱ ይደርሳል” የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይህ አስተሳሰብ ብክለት የሚያደርሰው ጉዳት ሁሉ የሚጠገን ነው ብሎ ይነሣል። የቆሸሸ ወንዝ በገንዘብና በጊዜ ሊጠራ ይችላል። በልጅነቱ አእምሮው የተጎዳ ሰው ግን ሌላ ልጅነት አያገኝም።

የእርሳስ ታሪክ ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ነው። ሞተር እንዳይንኳኳ በሚል በ1920ዎቹ ቤንዚን ውስጥ መጨመር የጀመረው ይህ ብረት በመኪና ጭስ አማካይነት ከተሞችን አዳረሰ። ሄርበርት ኒድልማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የትምህርት ቤት ልጆችን የወለቁ የወተት ጥርሶች መርምረው፣ በጥርሳቸው ብዙ እርሳስ የተገኘባቸው ልጆች በአእምሮ ብቃት መለኪያ ዝቅ ያለ ውጤት እንዳመጡ በ1979 አሳወቁ። እነዚያ ልጆች አንዳች የበሽታ ምልክት አልነበራቸውም፤ ጉዳቱን አስፈሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ያም ሆኖ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን መሸጥ ያቆመችው በ2021 ነው።

ለአጭር ጊዜ የሚያጋጥም ብክለትም ዱካው ሩቅ ይሄዳል። አብርሃም ኤበንስታይን፣ ቪክቶር ላቪና ሰፊ ሮት በእስራኤል የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና የወሰዱ ተማሪዎችን አጥንተዋል። ያው ተማሪ በአየር ውስጥ ደቃቅ ብናኝ በበዛበት ቀን የተፈተነው ትምህርት ውጤቱ ዝቅ ይላል፤ ይህም በኋላ ከሚደርስበት የትምህርት ደረጃና ከሚያገኘው ደመወዝ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። እንዲህ ከሆነ ብክለት ተሰጥኦን ከማዳከም አልፎ፣ ተሰጥኦ የሚለይበትን መመዘኛ ጭምር ያዛባል።

ኢትዮጵያን በተመለከተ የዓለም ባንክ በ2020 ያወጣው የሰብዓዊ ካፒታል መለኪያ 0.38 ነው። በወቅቱ በአገሪቱ የሚወለድ ልጅ የተሟላ ትምህርትና ጤና ቢያገኝ ኖሮ ሊደርስበት ከሚችለው ምርታማነት 38 በመቶውን ብቻ ይዞ ያድጋል ማለት ነው። መለኪያው ሕይወትን፣ ትምህርትን፣ የልጆችን መቀንጨር ይቆጥራል። ጭስን ለብቻው አይቆጥርም። አብዛኛው የገጠር ቤተሰብ ግን ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው፤ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ከምጣዱ አጠገብ ያለችው እናት ብዙ ጊዜ ሕፃን ታዝላለች። የከሰሉ ሽያጭና የሳንባ ሕክምናው ወጪ በአገር ውስጥ ምርት ላይ ይደመራሉ፤ ሕፃኑ ያጣው አቅም ግን ከየትም አይቀነስም።

በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ የከተማን አየር ሊያግዝ ይችላል። የሕፃናት ሳንባ በብዛት የሚጎዳው ግን ማዕድ ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ ቅድሚያው ለዚያ ሊሰጥ ይገባል። የተሻሻለ ምድጃና ለምጣድ የሚበቃ ኤሌክትሪክ የኢነርጂ ዘርፍ ጉዳይ ብቻ ተደርገው መታየታቸው ይብቃ፤ በጀት የሚመድቡ ባለሥልጣናት ከመማሪያ መጽሐፍና ከመምህር ደመወዝ እኩል የትምህርት ወጪ አድርገው ይያዟቸው።