የሞባይል አጭር መልዕክት ለስኳር ሕሙማን ወጣቶች የሚሰጠው ድጋፍና ወሰኑ

አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለባቸው ልጆች በሽታቸውን ለመቆጣጠር ይበልጥ የሚቸገሩት በጉርምስና ዕድሜያቸው ነው። በዚህ ወቅት የሚከሰተው የሆርሞን ለውጥ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ያዳክማል። ከወላጅ ቁጥጥር የመላቀቅ ፍላጎትም መርፌን ወደ መዝለልና የደም ስኳርን አለመለካት ሊያመራ ይችላል። ሐኪማቸውን የሚያገኙት ግን በወራት ልዩነት ነው። የስኳሩ መጠን ለዓመታት ከፍ ብሎ ከቆየ ዓይንን፣ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል።

በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ያለውን ይህን ክፍተት በሞባይል ስልክ ለመሙላት ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች መካከል በስኮትላንድ ታይሳይድ አካባቢ የተካሄደው "ስዊት ቶክ" ተጠቃሽ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 "ዳያቤቲክ ሜዲስን" በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሲሆን፣ ከ8 እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ያላቸው 92 ሕሙማን ለ12 ወራት ተሳትፈውበታል።

አሠራሩ ውስብስብ አልነበረም። ታማሚው በቀጠሮው ዕለት ከባለሙያ ጋር ተመካክሮ ግብ ይመርጣል፤ ይኸውም ኢንሱሊንን በሰዓቱ መወጋት፣ ስኳርን መለካት፣ አመጋገብን ማስተካከል ወይም የአካል እንቅስቃሴ ማድረግ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተር ግቡንና የታማሚውን ሁኔታ መሠረት አድርጎ በየዕለቱ አጭር መልዕክት ይልክለታል። ወጣቶቹም መልሰው መጻፍ ይችሉ ነበር።

ተሳታፊዎቹ በዕጣ በሦስት ቡድን ተከፍለዋል። 28ቱ የተለመደውን የኢንሱሊን ሕክምና ብቻ፣ 33ቱ የተለመደውን ሕክምና ከመልዕክት ጋር፣ 31ዱ ደግሞ የተጠናከረ የኢንሱሊን ሕክምናን ከመልዕክት ጋር አግኝተዋል። የተጠናከረው ሕክምና ኢንሱሊኑን ከምግብ ጋር እያመጣጠኑ በቀን ደጋግሞ መውሰድን የሚጠይቅ ነው።

ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት የስኳር መጠን የሚያመለክተው የደም ምርመራ ውጤት በመጀመሪያው ቡድን 10 ነጥብ 3 በመቶ፣ በሁለተኛው 10 ነጥብ 1 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በሦስተኛው ቡድን ግን ወደ 9 ነጥብ 2 በመቶ ዝቅ ብሏል። ይሁንና የተጠናከረውን ሕክምና ያለመልዕክት ያገኘ ቡድን ስላልነበረ፣ ለመሻሻሉ የመድኃኒቱና የመልዕክቱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ለይቶ መናገር አይቻልም።

መልዕክቱ ብቻውን ስኳርን ባያወርድም የወጣቶቹን በራስ መተማመን አሳድጓል። ተቀባዮቹ መድኃኒታቸውን ይበልጥ በአግባቡ እንደሚወስዱ ሲናገሩ፣ 82 በመቶዎቹ ራሳቸውን ለመንከባከብ እንደረዳቸው ገልጸዋል፤ 90 በመቶዎቹም እንዲቀጥል ፈልገዋል።

እንዲህ ያለው መልዕክት ለድንገተኛ ሕመም አያገለግልም። የሚያልበው፣ የሚንቀጠቀጥና ግራ የሚጋባ ልጅ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል፣ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ወዲያውኑ ስኳር ያለው መጠጥ ሊሰጠው ይገባል። ደጋግሞ የሚያስመልሰውና በረጅሙ የሚተነፍስ ከሆነ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ ይኖርበታል።