ፍጥነቱን የሚወስነው ማነው?

ስለ መኪናና ስለ ሠራተኛ በተነሣ ቍጥር በክፍልም ሆነ በመኝታ ቤት የምንሰማው ክርክር ሁለት ጫፍ ብቻ ያለው ይመስላል። አንዱ ወገን «መኪና ሰውን ከድካም ያወጣዋል» ይላል። ሌላው «መኪና የሰውን እንጀራ ይቀማል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም በየበኩላቸው እውነት አላቸው። ነገር ግን ሁለቱም የሚረሱት አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ከሥራው ሳይባረር፣ ደመወዙም ሳይጓደልበት ከመኪናው ጎን ቆሞ ቀኑን የሚገፋው ሠራተኛ ነው። እንጀራው አልቀረበትም፤ ድካሙም አልቀለለትም። ታዲያ የዚህ ሰው ልብ ምን ይሆናል? የሥራ መንፈሱስ? እኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ምህንድስና የምንለው የለንም፤ የሰው ልብ ግን የኛም ጉዳይ ነው። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን ይዘን ሦስት ቦታዎችን እንጎበኛለን፤ ኖቲንግሃምን፣ ሃይላንድ ፓርክንና ሎርድስታውንን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከእንግሊዝ አገር እንጀምር። በ1811 በኖቲንግሃም አካባቢ የካልሲና የሹራብ ሠራተኞች ሌሊት ሌሊት ፊታቸውን እየሸፈኑ ይወጡና የሹራብ መሥሪያ መኪናዎችን በመዶሻ ይሰባብሩ ጀመር። ለአሠሪዎች የሚላከው የማስፈራሪያ ደብዳቤ «ጄኔራል ሉድ» በሚባል አለቃ ስም ይፈረም ነበር። ጄኔራሉን በዓይኑ ያየ ሰው ግን የለም፤ ከወሬ የተወለደ ስም ነው። ከዚያ ወዲህ «ሉዳይት» የሚለው ቃል ሥልጣኔን የሚጠላ፣ አዲስ ነገር ሲያይ የሚደነብር መሃይም ማለት ሆኖ ቀረ። ስድብ ሆነ ማለት ነው።

እስቲ ስድቡን እንመርምረው። የተሰበረው መኪና አዲስ ነበርን? አልነበረም። የሹራብ መሥሪያውን መኪና ዊልያም ሊ የተባለ ሰው የፈለሰፈው በ1589 ነው። እንግዲህ መዶሻው በተነሣበት ጊዜ መኪናው ከ220 ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። አባትና አያት ሠርተውበታል፤ ልጅ አሳድገውበታል። የኛ አገር ሸማኔ መወርወሪያውን እንደሚያውቅ እነርሱም መኪናቸውን ያውቁት ነበር። ያስቈጣቸው ሌላ ነው። አንዳንድ አሠሪዎች በሰፊ መኪና ጨርቅ ያሠሩና እየቈረጡ በመስፋት ርካሽ ካልሲ ማውጣት ጀመሩ። ካልሲው ቶሎ ይተረተራል፤ የሙያውም ስም አብሮ ይተረተራል። ሙያውን በወጉ ያልተማሩ ልጆች በርካሽ ይቀጠራሉ። የእጅ ዋጋ ይቀነሳል፤ ለመኪናው የሚከፈለው ኪራይ ግን አይቀነስም። ማኅበር አቁመው አቤት እንዳይሉ ደግሞ በ1799 እና በ1800 የወጡት ሕጎች መንገዱን ዘግተውታል። ስለዚህ በኖቲንግሃም ሰባሪዎቹ በጭፍን አልሰበሩም፤ ዋጋ የቀነሰውን አሠሪ መኪና ሲያደቁ ደንቡን ያከበረውን ጎረቤቱን ሳይነኩ ያለፉበት ጊዜ ብዙ ነው።

ንቅናቄው ወደ ዮርክሽር ሲዛመት ነገሩ ከፋ። በዚያ የሱፍ ጨርቅ የሚሸልቱት ባለሙያዎች ሥራቸውን ጠቅልሎ የሚወስድ መኪና በእርግጥ መጥቶባቸው ነበር። የፋብሪካ ባለቤት ተገደለ፤ ከሰባሪዎቹም የሞቱ አሉ። መንግሥት በሺህ የሚቈጠር ወታደር አዘመተ፤ በ1812ም መኪና የሰበረ በሞት ይቀጣ የሚል ሕግ አወጣ። ገጣሚው ሎርድ ባይረን በጌቶች ምክር ቤት የመጀመሪያ ንግግሩን ያደረገው ይህንኑ ሕግ ለመቃወም ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም። በጥር 1813 በዮርክ ከተማ በነፍስ ግድያና ከንቅናቄው ጋር በተያያዙ ሌሎች ክሶች 17 ሰዎች ተሰቀሉ። ብረት ለሰበረ ገመድ ተገኘ፤ የእጅ ዋጋ ሰብሮ ቤተ ሰብ ላስራበ ግን ሕግ አልተገኘም።

ኖቲንግሃም የሚያስተምረን ይህ ነው፦ ሰው ከመኪና ጋር መኖር ይችላል፤ እንዲያውም ይወደዋል። ልቡ የሚሰበረው ስለ ሥራው የሚናገረው ነገር ሲነፈገው ነው። የኖቲንግሃሙ ሠራተኛ ግን ገና በሙያው የሚኮራበት ነገር ነበረው። ከመቶ ዓመት በኋላ ወደ አሜሪካ ስንሻገር ያ ኵራት ራሱ ሲነጠል እናያለን።

በዲትሮይት ከተማ አጠገብ በሃይላንድ ፓርክ የሄንሪ ፎርድ ፋብሪካ ነበር። በ1913 ፎርድና መሐንዲሶቹ አውቶሞቢሉ በመስመር እየተጓዘ ወደ ሠራተኛው እንዲመጣ አደረጉ። ሠራተኛው ካለበት አይነቃነቅም። አንዱ ቡሎን ያስገባል፤ ሌላው ዳዶ ያጠብቃል፤ ነገም እንደዚያው፣ ከነገ ወዲያም እንደዚያው። ውጤቱን በቍጥር ለሚያይ ሰው ተአምር ነበር። አንዱን ሻንሲ ለመገጣጠም ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ሥራ በ1914 በ93 ደቂቃ ይጠናቀቅ ጀመር። በ1908 ሲወጣ 850 ዶላር ይሸጥ የነበረው ሞዴል ቲ በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች ወረደ። ገበሬውም መምህሩም አውቶሞቢል ገዛ። ይህንን ጥቅም መካድ አይገባም።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። በዚያው በ1913 ሠራተኛው ፋብሪካውን እየጣለ ይሄድ ነበር። ኩባንያው 14,000 ያህል ሰው በሥራ ላይ ለማቆየት በዓመቱ ውስጥ ከ52,000 በላይ መቅጠር ነበረበት። አድማ የለም፤ መዶሻ የለም፤ ደብዳቤ የለም። ሰውየው ጥቂት ቀን ሠርቶ ኮፍያውን ያነሣና ይሄዳል፤ ያ ብቻ ነው። ዝም ብሎ መሄድም አንድ ዓይነት ንግግር መሆኑን ያን ጊዜ የተረዳው ፎርድ ነበር። ጥር 5 ቀን 1914 የቀን ክፍያው ወደ 5 ዶላር ከፍ እንደሚል፣ የሥራውም ጊዜ ከ9 ሰዓት ወደ 8 እንደሚወርድ አስታወቀ። ከዚያ በፊት ክፍያው ግማሹን እንኳ አይደርስም ነበር። በሚቀጥሉት ቀናት ከበሩ ላይ የተሰበሰበው ሥራ ፈላጊ ከብዛቱ የተነሣ በዚያ ብርድ በውኃ ቱቦ ተረጭቶ ተበተነ። ከሥራ የሚለቀውም ቍጥር በእጅጉ ቀነሰ።

ታዲያ ልብ ተጠገነ ማለት ነውን? ከ5ቱ ዶላር ግማሽ ያህሉ በጠባይ ላይ የተመሠረተ ነበር። ኩባንያው ያቋቋመው ክፍል ሠራተኛው ቤት ድረስ መርማሪ እየላከ ይጠጣል ወይ፣ ይቈጥባል ወይ፣ ቤቱስ ንጹሕ ነው ወይ እያለ ይመዘግባል። በፋብሪካው ውስጥ እጁን የያዘው መስመር አሁን ጓዳው ድረስ ተከተለው። ሠራተኛው ብሩን ወሰደ፤ ለብሩም ሲል ቻለው። መቻል ግን መውደድ አይደለም። ቻርሊ ቻፕሊን በ1936 «ዘመናዊ ጊዜያት» በተባለው ፊልሙ ዳዶ ሲያጠብቅ ውሎ እጁ አልቆም ያለውን ሠራተኛ ሲያሳየን ዓለም የሳቀው ለዚህ ነው፤ ሁሉም ሰውየውን ያውቀዋል።

«አውቶሜሽን» የሚለው ቃል በኢንዱስትሪ የተስፋፋው ከዚያው ከፎርድ ኩባንያ ነው፤ በ1947 ኩባንያው በዚህ ስም የሚጠራ ክፍል አቋቋመ። በ1961 ደግሞ «ዩኒሜት» የተባለው የመጀመሪያው የፋብሪካ ሮቦት በኒው ጀርሲ በጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ሮቦቱ የጋለ ብረት ያነሣል፤ ብየዳ ይበይዳል፤ ይህ ለሰው ሳንባና እጅ ደግ ነገር ነው። እንዲህ እያለ ነገሩ ወደ ሦስተኛው ቦታችን፣ በኦሃዮ ግዛት ወደምትገኘው ሎርድስታውን አደረሰን።

የሎርድስታውን ፋብሪካ በ1966 የተከፈተ ሲሆን በ1970 «ቬጋ» የተባለችውን ትንሽ አውቶሞቢል ማውጣት ሲጀምር በዘመኑ እጅግ ዘመናዊ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ብየዳውን ሮቦቶች ይሠራሉ። መስመሩ በሰዓት 100 ያህል አውቶሞቢል እንዲያወጣ ታስቦ የተሠራ ነው፤ በሌላው ፋብሪካ የተለመደው 60 ያህል ነበር። ሂሳቡን አንባቢ ይሥራው፤ ለአንዱ ሠራተኛ በአንዱ አውቶሞቢል ላይ የሚደርሰው ጊዜ 36 ሰከንድ ነው። ሠራተኞቹ ደግሞ እነማን ነበሩ? አማካይ ዕድሜያቸው ወደ 25 ዓመት ገደማ፣ ጠጕራቸውን ያሳደጉ፣ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱም ያሉባቸው ወጣቶች። የኛ እኩዮች ነበሩ ብንል አልተሳሳትንም።

በ1971 መጨረሻ አዲስ አስተዳደር መጣና በመቶ የሚቈጠሩ ሠራተኞችን ከመስመሩ አነሣ፤ የተነሡትን ሰዎች ሥራ በቀሩት ላይ ደረበ። ፍጥነቱ አልተቀነሰም። አቤቱታ በሺህ ተከመረ። ሰኞና ዓርብ ቀሪው በዛ። ሊደርሱበት ያልቻሉት አውቶሞቢል ሳይገጠም ያልፋቸዋል፤ ቀለሟ የተጫረ፣ መቀመጫዋ የተቀደደ ቬጋም ከመስመሩ ትወጣ ጀመር። በመጋቢት 1972 ለሦስት ሳምንት ያህል ሥራ አቆሙ። ልብ እንበል፤ ደመወዛቸው በአገሩ ሠራተኛ ሚዛን ጥሩ ነበር፤ አድማውም የደመወዝ አድማ አልነበረም። ጥያቄያቸው ስለ ፍጥነቱና ስለ ሰው ቍጥር ነበር። አድማው ሲያበቃ ከተነሡት ብዙዎቹ ተመለሱ፤ መስመሩ ግን ያው መስመር ሆኖ ቀጠለ።

ሦስቱን ስናስተያይ አንድ ነገር ጎልቶ ይታየናል። የኖቲንግሃሙ ሰው መኪናውን ሰበረ፤ የሃይላንድ ፓርኩ ጥሎ ሄደ፤ የሎርድስታውኑ ሥራውን አበላሸ፣ ከዚያም አቆመ። መልኩ ቢለያይም ቅሬታው አንድ ነው፦ «የጉልበቴን ፍጥነት የሚወስን ሰው አለ፤ እኔ ግን አልተጠየቅሁም።» ገንዘብ የዚህን ሰው እግር ሊያስር ይችላል፤ ልቡን ግን ወደ ሥራው አይመልሰውም።

«ሌላ አማራጭ የለም፤ ሥልጣኔ ዋጋው ይህ ነው» የሚሉን አሉ። ለእነዚህ የስዊድኑን የቮልቮ ኩባንያ እንጥቀስላቸው። በ1974 በካልማር ከተማ የከፈተው ፋብሪካ የመገጣጠሚያውን መስመር ትቶ ሠራተኛውን በትናንሽ ቡድን አደራጀ፤ ቡድኑ የአውቶሞቢሉን አንድ ሙሉ ክፍል ይሠራል፤ ሥራውን ይከፋፈላል፤ ይቀያየራል። መኪና ነበረው፤ ኮምፒዩተርም ነበረው፤ ሰውም ነበረው። ፋብሪካው ገበያ በከፋበት ወቅት በ1994 ተዘጋ፤ ይህንን መደበቅ አይገባም። ሆኖም 20 ዓመት ቆመ፤ አይቻልም የተባለው ነገር ለ20 ዓመት ተቻለ። መስመሯን አጥብቃ የያዘችው ሎርድስታውንስ? እርሷም ብትሆን ጄኔራል ሞተርስ በ2019 ዘጋት።

ዛሬ መስመሩ ከፋብሪካ ወጥቷል። በትላልቅ መጋዘኖች ሠራተኛው በእጁ የያዘው መሣሪያ የሚቀጥለውን ዕቃ ይነግረዋል፤ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበትም ይቈጥርበታል። በቢሮ የሚቀመጠውም ቢሆን ስንት ጊዜ ስልክ እንዳነሣ ኮምፒዩተሩ ይመዘግብበታል። የድሮው ካቦ ቢያንስ ዓይን ነበረው፤ ሲያልብህ ያያል፤ ብትለምነው አንዳንዴ ይሰማል። ቍጥር ግን አይለመንም።

ይህንን የምንጽፈው ለምንድነው? ነገ ተመርቀን ስንወጣ ከኛ መካከል ዳዶ የሚያጠብቀው ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን የምንቀመጠው ከጠረጴዛው ወዲያ፣ ሰዓቱን ከሚይዙት፣ ደንቡን ከሚያረቁት፣ ሪፖርቱን ከሚጽፉት ጋር ነው። አዲስ መኪና ሲገባ «ስንት ሰው ይተካል?» የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል። «ለቀረው ሰው ፍጥነቱ ስንት ይሁን? እርሱስ ምን ይላል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ያስፈልጋል። ይህችን ጥያቄ በስብሰባው መካከል እጁን አውጥቶ የሚያነሣ አንድ ሰው ከኛ መካከል ከተገኘ፣ የተማርነው ታሪክ ለፈተና ብቻ አልነበረም ማለት ነው።