የውሻ ሥልጠና ከጦር ሰፈር ወደ ቤተ ሰብ ግቢ

በዛሬው ጊዜ በአውሮፓና በአሜሪካ አባት፥ እናትና ልጆች በአንድነት ተሰብስበው ቡችላቸውን በጨዋታ ሲያስተምሩ ማየት የተለመደ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ግን ይህ ሥራ በአብዛኛው የአዳኝ፥ የእረኛ፥ የፖሊስና የወታደር ሙያ ነበር። ከዚያ ወደዚህ እንዴት እንደ ተደረሰ መመርመር የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ ነው። መታዘዝ ከፍርሃት ይወለዳልን ወይስ ከፈቃድ? የሚለው የቆየ ጥያቄ በዚህ ታሪክ ውስጥ ስላለበት፥ ውሻ ለሌለው አንባቢም ቢሆን ነገሩ ባዕድ አይሆንም። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለዘመናዊው ሥልጠና መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው የፖሊስ ሹም ኮንራድ ሞስት ነው። ሞስት በ1906 ዓ.ም. በሳርብሩክን ከተማ የፖሊስ ውሾችን ማሠልጠን ጀመረ፤ በ1910 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ሥልጠናው መጽሐፍ አሳተመ። ለውሻ ዋጋ መስጠት እንደሚጠቅም ቢያውቅም፥ ዘዴው በግዳጅ ላይ የጸና ነበር። እንዲህ ያለው ትምህርት ጠንካራ ክንድና የማይራራ ልብ ስለሚጠይቅ፥ ሕፃን ሊሠራበት አይችልም።

ወደ ሕዝቡ የሚወስደውን በር የከፈተችው አሜሪካዊቷ ሄለን ዋይትሃውስ ዎከር ናት። ፑድል የሚባሉት ውሾቿ ለጌጥ ብቻ የተፈጠሩ አለመሆናቸውን ለማሳየት፥ በ1933 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ግዛት፥ በማውንት ኪስኮ፥ የታዛዥነት ውድድር አዘጋጀች። የአሜሪካ የውሻ ክበብም በ1936 ዓ.ም. ውድድሩን በደንብ አጸደቀው። በዚህ ጊዜ ተራው ባለቤት ራሱ አሠልጣኝ ሆነ፤ ዘዴው ግን ገና ከጦር ሰፈር አልራቀም ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ይህን ዝምድና አጠነከረው። ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ የአሜሪካ ቤተ ሰቦች ውሾቻቸውን ለጦሩ ሰጡ። በጦርነቱ ጊዜ የጦር ውሾችን ያሠለጠነው ዊልያም ኬለርም በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የአንገት ሰንሰለትን መንጭቆ ማረምን ለቤት ባለቤቶች አስተማረ። እንዲህ ያለው ምንጨቃ ለጋ ቡችላን ስለሚጎዳ፥ ውሻው ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ ትምህርት አይጀመርለትም ነበር፤ በዚህ ምክንያት ለመማር የሚመቸው ጊዜ በከንቱ ያልፍ ነበር።

ለውጡ የመጣው ከቤተ ሙከራ ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፥ እንስሳ መልካም ውጤት ያገኘበትን ሥራ እንደሚደግም አሳየ። ስኪነር ደግሞ በ1951 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ ማንኛውም ሰው በቤቱ ውስጥ ይህን ሊሠራበት እንደሚችል አስረዳ። ዘዴው ቀላል ነው። ውሻው የተፈለገውን ነገር ባደረገበት ቅጽበት፥ የልጆች መጫወቻ የሆነች ጠቅ የምትል ትንሽ መሣሪያ ትሰማለች፤ ወዲያው ቁራሽ ምግብ ይከተላል። ድምፅዋ፥ ዋጋው የተገኘበትን ሥራ ለውሻው ለይታ ታመለክተዋለች። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ትክክለኛ ጊዜን መጠበቅ እንጂ ጉልበት ስላልሆነ፥ የስምንት ዓመት ልጅ ከአባቷ በልጣ ልትገኝ ትችላለች። በአገራችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲባል የቆየውም ከዚሁ እውነት ጋር ይቀራረባል።

ሆኖም ይህ እውቀት ወደ ብዙ ሰዎች ቤት እስኪገባ ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጀ። በ1978 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በክራፍትስ የውሻ ትርኢት ላይ፥ ከፈረስ ዝላይ የተቀዳ የመሰናክል ውድድር ለመዝናኛ ቀርቦ ሕዝቡን እጅግ አስደሰተ። በ1980ዎቹ ዓመታት ደግሞ የእንስሳት ሐኪሙ ኢያን ደንባር ቡችሎች ማሠሪያቸው ተፈትቶ እየተጫወቱ የሚማሩበትን ክፍል አስፋፋ። ምንጨቃው ሲቀር ስድስት ወር መጠበቁም አላስፈለገም።

የግዳጅ ወገን የመጨረሻ መከላከያው የተኩላ ነገር ነበር። ሩዶልፍ ሼንክል በ1947 ዓ.ም. ታስረው የሚኖሩ ተኩላዎችን መርምሮ የጻፈው ጥናት፥ መንጋው በኃይለኛ አለቃ ይገዛል ለሚለው አሳብ መነሻ ሆነ፤ ከዚህም ተነሥቶ ሰው በውሻው ላይ አለቃ መሆን አለበት ተባለ። ነገር ግን በ1970 ዓ.ም. መጽሐፉ ይህን አሳብ ያሰራጨው ዴቪድ ሜክ ራሱ፥ በካናዳ በኤልስሚር ደሴት ለብዙ ዓመታት የዱር ተኩላዎችን ከተመለከተ በኋላ፥ የተለመደው መንጋ አባት፥ እናትና ልጆቻቸው መሆናቸውን በ1999 ዓ.ም. ጻፈ። ለአለቃ ጭካኔ ምስክር ሆኖ የተጠራው መንጋ ቤተ ሰብ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፥ ጨዋታ ማለት ሥርዓት ማጣት አይደለም፤ አባት «ተቀመጥ» ሲል ልጅ «ቁጭ በል» ካለ ውሻው ግራ ይጋባልና፥ ቤተ ሰቡ በአንድ ቃል መስማማት አለበት፤ ትንሽ ልጅም ከውሻ ጋር ያለ ጠባቂ ሊተው አይገባም። ሁለተኛ፥ ፍርሃት ታዛዥነትን ሊያስገኝ ቢችልም፥ የሚጸናው አስፈሪው ባለበት ቦታ ነው። ጠንካራው ሰው ከቤት ሲወጣ ከደካማው ጋር የሚቀረው ውሻ፥ ደካማውንም ወድዶ የሚሰማ መሆን ይገባዋል። የቤተ ሰብ ትምህርት ከጦር ሰፈሩ ትምህርት የሚበልጠው በዚህ ነው።