ከተጉለት አፋፍ እስከ ይፋት ቆላ፤ ስለ ድምፅ ክብር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ፣ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ጭጋግ የማይለየውን ተራራ ሰንጥቆ በሚያልፈው ዋሻ ይገባና፣ ከዚያም ወጥቶ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ሲወርድ፣ በርኖሱን ሳያወልቅ ላቡ እየወረደው ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ካለችው ከሸዋ ሮቢት ይደርሳል። በዚህች አጭር ቁልቁለት ውስጥ ገብስና ማሽላ፣ በርኖስና ሽርጥ፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅሌትና የሐድራ መንዙማ ጎረቤታሞች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ነገር፣ በእነዚህ ጎረቤታሞች ዘንድ የሰው ድምፅ በምን ሚዛን ሲመዘንና ሲከበር እንደ ኖረ፣ በኋላም ከዚህ አገር ያልተወለደ አንድ ሰው፣ ጥላሁን ገሠሠ፣ በድምፁ ደጋውንና ቆላውን፣ ክርስቲያኑንና እስላሙን በአንድነት ለመማረክ የቻለበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ነው።

ሚዛኑን ለማነጻጸር እንዲመች ግን ከሩቅ እንጀምር፤ የአውሮፓ ሰዎች ከወንድ ድምፅ ከፍተኛውን ‘ቴኖር’ ብለው ይጠሩታል፤ በኦፔራ ቲያትርም የጀግናውንና የአፍቃሪውን ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት ለዚሁ ድምፅ ነው። ፈረንሳዊው ዠልቤር ዱፕሬ በ1837 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኦፔራ መድረክ ላይ ከፍተኛውን የዜማ ደረጃ፣ እንደ ቀደሙት ዘፋኞች አቅጥኖና አለስልሶ ሳይሆን በሙሉ የደረት ኃይል ባወጣው ጊዜ፣ የዜማው ደራሲ ሮሲኒ ራሱ ነገሩን ባይወደውም፣ ሕዝቡ ግን በአድናቆት ስለ ተቀበለው፣ ከዚያ ወዲህ የቴኖር ክብር ከሁሉ በፊት በዚህ ከፍታና ኃይል ሊመዘን ሆነ። የናፖሊው ተወላጅ ኤንሪኮ ካሩሶ በ1902 እ.ኤ.አ. በሚላኖ ከተማ ድምፁን በሸክላ ካስቀረጸ በኋላ፣ ቲያትር ቤት ገብቶ የማያውቅ ሕዝብ ሁሉ የድምፁ ወዳጅ ሆነ፤ በዘመናችንም ሉቺያኖ ፓቫሮቲ ያንኑ ክብር ወርሶ እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ድረስ ኖሯል። የእነዚህ ሰዎች ድምፅ የሚደነቅበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ ዋናው ግን ያለ ድምፅ ማጉያ፣ ከብዙ መሣሪያዎች ጩኸት በላይ ወጥቶ፣ ከሰፊው አዳራሽ መጨረሻ ለተቀመጠው ሰው መሰማቱ ነው።

የኦፔራ አገር የምትባለው ኢጣልያ በወረራዋ ዘመን የጣርማ በርን ዋሻ አስቈፍራ፣ መንገዱን በሸዋ ሮቢት በኩል ወደ ደሴና ወደ አሥመራ ስታሰናዳ፣ የጦር መኪናዎቿንና ወታደሮቿን ልታሳልፍበት እንጂ ዜማዋን ልታስተምርበት አልነበረም። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ሲወጣ መንገዱ ቀረ፤ የአገሩ ሰው ግን ስለ ድምፅ የሚፈርድበት ሕግ ከዋሻውና ከመንገዱ እጅግ የቀደመ ነበረ።

የሕጉ አንደኛው ምንጭ ከአፋፉ በላይ ያለው ነው። ከይፋት በላይ እንደ ግንብ የቆመው የተጉለት ደጋ፣ ቤተ ልሔም፣ ቆማና አጫብር ከሚባሉት የዜማ ቤቶች ጋር ስሙ የሚጠራ የራሱ የዜማ ስልት ያለው አገር ነው። ሊቃውንቱ የዜማን ጥንት ለቅዱስ ያሬድ ሰጥተው፣ ጸዋትወ ዜማውንም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብለው በሦስት ሲከፍሉ፣ ስለ ክብሩም ሲናገሩ፣ ቅዱሱ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በተመስጦ የጦሩን ጫፍ በካህኑ እግር ላይ እንደ ተከለና ሁለቱም ሳያውቁት ዜማው እንደ ተፈጸመ ይተርካሉ። ይህ ትውፊት ልብ ብሎ ለሚመለከተው ሰው የአድናቆትን ሥርዓት ያስተምራል፤ ዘማሪው ለራሱ ሕመም እንግዳ ሆኗልና፣ ሰሚውም ለሥልጣኑ እንግዳ ሆኗልና።

የድጓ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ሲማር፣ ከንባቡ በላይ በደቂቅ ፊደል የተጻፉትን ምልክቶች ይመለከታል። እነዚህንም ምልክቶች በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሯቸው ይነገራል። አንዲቱ ምልክት አንድን የድምፅ ደረጃ ብቻ የምታመለክት ሳትሆን፣ ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ያጠናውን ረጅም የዜማ ሐረግ በሙሉ የምታስታውስ ናት፤ ስለዚህም ዜማው የሚኖረው በብራናው ላይ ሳይሆን በተማሪው ኅሊናና ጉሮሮ ውስጥ ነው። ድምፁ ያማረ፣ ነገር ግን ቃሉን የሚሰብር ወይም ትንፋሹ ከሐረጉ በፊት የሚያልቅበት ተማሪ ‘ድምፃም’ ተብሎ ሊወደድ ይችል ይሆናል እንጂ ‘ባለ ዜማ’ ተብሎ አይከበርም። በማኅሌት ሌሊትም መሪጌታው በመቋሚያ ብቻ ቀስ ብሎ አንሥቶ፣ ጸናጽሉ ተከትሎ፣ ከበሮው በመጨረሻ ሲገባበት፣ ሕዝቡ የሚያደንቀው ከፍ ማለቱን ብቻ ሳይሆን፣ ከፍ እስኪል ድረስ መታገሡን ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ከአፋፉ በታች ያለው ነው። በቆላው የወላስማ ሥርወ መንግሥት በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ተነሥቶ የጥንቱን የሸዋን ሱልጣኔት ከጠቀለለ በኋላ፣ ይፋት ከባሕር ጠረፍ ወደ ደጋው የሚመጣው ንግድ መተላለፊያ ሆነች፤ ዐፄ ዐምደ ጽዮን በ14ኛው መቶ ዓመት ያደረጉትም ዘመቻ ከሃይማኖቱ ክርክር ሌላ የዚሁ ጎዳና ነገር ነበረበት። በኖራና በአስበሪ በድንጋይ ተክበው የቆሙት የጥንት መስጊዶች ፍርስራሽ ዛሬም ያንን ዘመን ይመሰክራል። የዚያ ታሪክ ወራሽ የሆነው አርጎባ፣ ከአማራው፣ ከኦሮሞውና ከአፋሩ ጋር ተጎራብቶ፣ ሸማውን እየሠራና እየነገደ በኖረበት አገር፣ ከወሎ ጋር የሚጋራው የመንዙማ ልማድ ሥር ሰደደ።

መንዙማ በሐድራና በመውሊድ ጊዜ የሚዜም፣ ለነቢዩ ሙሐመድና ለወልዮች የሚቀርብ ምስጋና ሲሆን፣ ሼሆቹ በዐረብኛ ፊደል አማርኛውን እየጻፉ፣ ዐረብኛና ኦሮምኛም እየጨመሩበት ያቆዩት ቅኔ ነው። ጀማው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፤ አውጪው ያለ ድቤ በዝግታ ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ ስንኞች እንደ ንግግር ዝቅ ያሉ ናቸው፤ አዝማቹን ተቀባዮቹ ሲያነሡት ጭብጨባው ይገባል፣ ቀጥሎም ድቤው ይመታል፣ ሰውም ቀስ በቀስ መወዛወዝ ይጀምራል። ያን ጊዜ አውጪው ድምፁን ከፍ አድርጎ ከጭብጨባው በላይ ሲያወጣው፣ ቃሉ ተሰምቶ የገባው ሽማግሌ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ‘አላህ!’ ይላል፤ ቃሉ በድቤው ውስጥ ከጠፋ ግን ድምፁ ምንም ቢያምር ከጀማው መካከል እንዲህ የሚል አይገኝም።

መሪጌታውና መንዙማ አውጪው በሃይማኖት የተለያዩ፣ አንዱ የሌላውን መጽሐፍ የማያነብ ሰዎች ሆነው ሳለ፣ ሁለቱም በአንድ ሕግ ይፈረድባቸው ነበር ማለት ነው፤ ይኸውም ሕግ ድምፅ የቃል አገልጋይ ነው፣ ትዕግሥትም ከኃይል ይቀድማል የሚል ነው። እሑድ እሑድ በሰንበቴ ገበያ አፋሩ ግመሉን፣ ኦሮሞው ከብቱን፣ አርጎባው ሸማውን፣ አማራው እህሉን ይዞ ሲገናኝ፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በመካከላቸው ቢቆም፣ ስሙን የጠራለት ሰው ገንዘብ የሚሸልመው ስለ ድምፁ ርዝመት ሳይሆን፣ በግጥሙ ላይ ስለ ጣለው ሰምና ወርቅ ነበር።

ይህ ሕግ አዲስ ፈተና የገጠመው የፈረንጅ መሣሪያ በመጣ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው መሣሪያ ድምፅን የሚያስቀር ሸክላ ነበረ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአውቶሞቢልን ነገር እንዲማር ወደ ጀርመን አገር ተልኮ ሳለ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በበርሊን ማሲንቆውን እየመታ ዘፈኑን በሸክላ አስቀረጸ፤ ካሩሶ ከተቀረጸ ገና ጥቂት ዓመታት ብቻ አልፈው ነበር። ሸክላው የአዝማሪውን ቃል እንዳለ ስላስቀረ ለሕጉ ወዳጅ ሆነ። ሁለተኛው መሣሪያ ግን የነሐስ ጡሩምባ ነበር። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ የቤተ መንግሥቱን የማርሽ ባንድ ካቆሙ በኋላ፣ ከድል በኋላም የክብር ዘበኛና የሌሎች ጦር ክፍሎች ባንዶች ከተደራጁ በኋላ፣ ዘፋኙ በስተ ኋላው ጡሩምባና ሳክስፎን ተሰልፈው እንዲዘፍን ግድ ሆነበት። ለማሲንቆና ለበገና የተሰናዳ ጉሮሮ በዚህ መካከል ቢጮህ ቃሉ ይበላሻል፤ ዝቅ ቢልም አይሰማም።

ይህን ፈተና ከሁሉ በላይ የተወጣው ጥላሁን ገሠሠ ነው። መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልዶ በወሊሶ ከአያቱ ዘንድ አደገ፤ በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ሲማርም የሀገር ፍቅር ቲያትር ሰዎች ወደዚያ መጥተው ባሳዩት ትርኢት ልቡ ስለ ተነካ፣ ገና በልጅነቱ ቤቱን ትቶ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፣ መኰንን ሀብተ ወልድ በ1927 ዓ.ም. ባቋቋሙት በዚያው ማኅበር ገባ። ከዚያም ወደ ክብር ዘበኛ ባንድ ተዛወረ፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በከሸፈ ጊዜም እስራት ደርሶበታል።

ድምፁ ከፍ ያለ፣ ሰፊ፣ በከፍታውም የማይቀጥን ስለ ነበረ፣ በአውሮፓ ሚዛን ቴኖር ቢባል የሚያሳፍር አይደለም። እርግጥ ነው፣ ማይክሮፎን ነበረው፤ የኦፔራው ሰው ግን የለውም። ነገር ግን የእርሱ ጥበብ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጡሩምባዎቹ ሐረጋቸውን ሲጨርሱ፣ እርሱ ወዲያው ከእነርሱ በላይ ለመውጣት አይሽቀዳደምም፤ የስንኙን መጀመሪያ ያለ ጌጥ፣ እንደሚናገር ሰው፣ እያንዳንዱን ፊደል ነጥሎ ይሰጣል። የድምፁን መንቀጥቀጥ ለስንኙ ማረፊያ ያቆየዋል፤ ዝማሬውንም ቃሉ ከተሰማ በኋላ እንጂ ከመሰማቱ በፊት አይዘረጋውም። የአርጎባ ሸማኔ ድሩን ሳያናጋ ማጉን እንደሚያሳልፍ፣ ቃሉን በባንዱ መካከል ያሳልፈዋል። ‘ጥላ ከለላዬ’ን ያዳመጠ ሰው ይህን ያስተውላል፤ ዘፈኑ የፍቅር ሆኖ ሳለ የሚሰማበት ትዕግሥት የመሪጌታውና የመንዙማ አውጪው ትዕግሥት ነው። እርሱ ከዜማ ቤት የወጣ ደብተራ፣ ከሐድራም የተነሣ ሼህ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ ያሠለጠኑት ጆሮ የራሱን ሕግ በእርሱ ዘፈን ውስጥ አገኘው።

ስለዚህ ሬዲዮ በየቡና ቤቱ ሲገባ፣ ከኋላውም ካሴት ሲከተል፣ የደሴ መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር በሸዋ ሮቢት ቆሞ ምሳ ሲበላና ጎማ ሲያስነፋ የጥላሁን ድምፅ ከመኪናው ሲወጣ፣ ሽንኩርትና ማሾ የሚሸጠው የቆላ ሰው እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ዘመድ ተቀበለው። ጥላሁን በኦሮምኛም ዘፍኗልና፣ ከገበያተኛው መካከል ‘ይህስ የእኔ አይደለም’ የሚል ብዙ አልነበረም። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረኃብ ተነቅሎ በዚሁ አውራ ጎዳና ዳር ሲሰለፍ፣ ይፋት ደግሞ የችግሩ ጎረቤት ነበረችና፣ ስለ ረኃቡ በዘፈነው በ‘ዋይ ዋይ ሲሉ’ የጥላሁን ድምፅ ከደስታ መሣሪያነት ወደ እንጉርጉሮ ተለወጠ። በዚህ ዘፈን የሚያስደንቀው ነገር፣ ትልቅ ድምፅ ያለው ሰው ትልቅነቱን በፈቃዱ መተዉ ነው፤ ኃይሉን ለማሳየት የሚመች ቦታ ሞልቶ ሳለ፣ ለራሱ አልተጠቀመበትም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት፣ ባረፈ ጊዜም በታላቅ ክብር በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ነገር ግን በትልቅ ድምፅ የሚመጣ ክብር ለባለቤቱ ብቻ ተቈርጦ ሊሰጥ አይገባም። የኢጣልያ ሕዝብ ካሩሶን ሲያደንቅ ያስተማሩትን መምህራን፣ የተሠሩለትን ቲያትሮችና የደረሱለትን ደራስያን አብሮ ያደንቃል፤ የቴኖር ታሪክ ተብሎ የሚጻፈውም የእነዚህ ሁሉ ታሪክ ነው። የእኛ ልማድ ግን የድምፁን ባለቤት አንግሦ ሰሚውን የሚረሳ ነው።

ጥላሁንን የሰማው የይፋት ሰው ባዶ ጆሮ ይዞ አልመጣም፤ ከአፋፉ በላይ መሪጌታው፣ ከአፋፉ በታች መንዙማ አውጪው ለብዙ መቶ ዓመታት ጆሮውን አርመውለታል። የጥላሁን ዘፈን በሸክላና በካሴት ተጠብቋል፤ የተሰማ እሸቴም ድምፅ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ እንደ ገና ታትሞ ለመሰማት በቅቷል። የተጉለት ዜማ መምህራንና የይፋት መንዙማ አውጪዎች ድምፅ ግን በየመንደሩ ከባለቤቶቹ ጋር ይቀበራል። ስለ ኢትዮጵያ ታላላቅ ድምፆች ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው፣ ከመድረኩና ከማይክሮፎኑ በፊት መቅረጫውን ይዞ ወደ እነዚህ ሰዎች ደጅ ቢሄድ፣ የጥላሁንን ክብር የሚቀንስበት አይሆንም፤ ክብሩ ከየት እንደ መጣ ያሳይበታል እንጂ።