402 ሜትር

እህል በረንዳ ውስጥ ኩንታል ተሸክሞ 402 ሜትር መሄድ ቀልድ አይደለም። ወዛደሩ አንገቱን ደፍቶ በአህያና በጋሪ፣ በአይሱዙና በደላላ መሃል «ዞር በል! ዞር በል!» እያለ ይሽሎከለካል፤ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ያንኑ ርቀት በዓለም ፈጣን የሚባሉት የድራግ ሬስ መኪኖች ከቆሙበት ተነስተው ከ5 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጨርሰውታል። ጨዋታው ራሱ ሕፃን ልጅም የሚገባው ነው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ መብራት ይበራል፣ ቀጥ ያለው መንገድ መጨረሻ ላይ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። ኩርባ የለ፣ ዙር የለ።

ስለዚህ ነገር ማንበብ የጀመርኩት በአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው። አባቱ እህል በረንዳ ጤፍ ነጋዴ ናቸው። እሱ ገና 21 ዓመቱ ነው፤ የቤቱን አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ መንዳት ከጀመረ ወዲህ «ድራግ ሬስ እንዴት ነው የሚጀመረው?» ማለት አበዛ። «አንተ ኢንጂነር አይደለህ እንዴ?» ይለኛል። ሶፍትዌር ነው የምሠራው ብል ማን ሊሰማኝ! የእሱ ዕቅድ ማርሚታውን አስነቅሎ፣ ሶማሌ ተራ ሄዶ የሆነ የሆነ ዕቃ ገዝቶ፣ ሌሊት ቀለበት መንገድ ላይ መውጣት ነበር። ቀለበት መንገድ ሌሊት ምን እንደሚመስል የምናውቅ እናውቀዋለን። «ተው» ማለት እንደማይሠራ ስለገባኝ ታሪኩን ፈልጌ ልነግረው ተነሳሁ።

መጀመሪያ ያስገረመኝ ቁጥሩ ነው። 402 ሜትር ሩብ ማይል ነው፤ እሺ፣ ግን ለምን ሩብ ማይል? መልሱ የሚጀምረው ከፈረስ ነው። አሜሪካ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሰፊ የተመነጠረ ሜዳ ስላልነበረ ሰዎች ፈረሶቻቸውን ሁለት ሁለት እያደረጉ በመንደሩ መንገድ ላይ ያሽቀዳድሙ ነበር። መንገዱ አጭር ስለሆነ ርቀቱም አጭር ሆነ። በዚያ ርቀት የሚበልጥ የፈረስ ዘር ሳይቀር ስሙን ያገኘው ከሩብ ማይሉ ነው። የመኪናው ውድድርም ልኩን ከዚያ ወረሰ ይባላል። ይሄ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ጃንሜዳም የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ነበር፤ የአዊ ፈረሰኞች ደግሞ ዛሬም በየዓመቱ ጥር ላይ እንጅባራ ይወጣሉ።

ሞተሩስ? ሞተሩም ወደኛ የመጣው በእሽቅድምድም ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። በ1900 ዓ.ም. ሁለት ፈረንጆች ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዘው ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ላይ ነበሩ። አንዱ ቢድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ መኪናው ሲድሌይ። ሌላው አርኖልድ ሆልትዝ የሚባል ጀርመናዊ፤ የእሱ ናኬ። በዚያን ጊዜ ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የግመልና የበቅሎ መንገድ ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ የምታውቀው የሞተር ነገር ሰርኪስ ቴርዚያን የሚባል አርመናዊ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ መንገድ ዳማጭ ነው፤ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው። ቤንትሌይ ቀድሞ ገባ፣ ሆልትዝ ተከተለ። ሁለቱም ጉዞዎች መጽሐፍ ወጥቶላቸዋል፤ የቤንትሌይን የጻፈው ክሊፎርድ ሃሌ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1913 ለንደን ታተመ። በእንግሊዝኛ ድራግ ማለት መጎተት ነው። ለዚያ ዘመን መንገድ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም።

ንጉሡ አዲስ ነገር ይወዱ ስለነበር መኪናውን ተቀበሉ፣ ተሳፈሩበትም። መኪናው ግን የተሠራው እንግሊዝ አገር፣ ባሕር ወለል አጠገብ ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ እስትንፋስ አጥሮት ነበር ማለት ነው። ይህን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም የአክስቴን ልጅ ዲኤክስ ይመለከተዋል።

ድራግ ሬስ በስሙ የተወለደው ካሊፎርኒያ ነው። በ1930ዎቹ ወጣቶች አሮጌ ፎርድ ገዝተው፣ መከላከያውንና ጣራውን ነቅለው፣ ሙሮክ ወደሚባለው የደረቀ ሐይቅ እየሄዱ ይነዱ ነበር። እዚያ የሚለካው ከፍተኛው ፍጥነት ነው እንጂ ከቆሙበት መነሳት አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መካኒክነት የለመደ ወታደር በብዛት ወደ አገሩ ሲመለስ ነገሩ ከሐይቁ ወደ ከተማ መንገድ ገባ። ትራፊክ መብራት ላይ ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል፣ አረንጓዴ ሲበራ ይፈተለካሉ። ሰው ሞተ። ጋዜጦች ጮኹ። ፖሊስ ያሳድድ ጀመር። እስከዚህ ድረስ የኛው የቀለበት መንገድ ታሪክ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው የሚለየው። እ.ኤ.አ. በ1950 ሲ.ጄ. ሃርት የሚባል ሰው ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሳንታ አና በሚገኝ አውሮፕላን ማረፊያ እሑድ እሑድ ውድድር ጀመረ። በጦርነቱ ጊዜ የተሠሩ ማኮብኮቢያዎች በየቦታው ነበሩ፤ ቀጥ ያሉ፣ ሰፊ፣ ዛፍም እግረኛም የሌለባቸው። በ1951 ዋሊ ፓርክስ የሚባል የመኪና መጽሔት አዘጋጅ ብሔራዊ ማኅበር አቋቋመ፤ ዋና ዓላማውም ልጆቹን ከጎዳና አውጥቶ ሜዳ ማስገባት ነበር። የማኅበሩ የመጀመሪያ ይፋዊ ውድድር በ1953 ፖሞና ከተማ ተካሄደ። እኔን የማረከኝ ግን በዓመቱ የሆነው ነው። ቡድ ኩንስ የሚባል የፖሞና ፖሊስ ሳጅን ከሦስት ሰዎች ጋር ሆኖ፣ ተጎታች ባላት አንዲት መኪና ከከተማ ከተማ እየዞረ ውድድር እንዴት በሰላም እንደሚዘጋጅ ያስተምር ጀመር። መኪና እንዴት እንደሚፈተሽ፣ ተመልካች የት እንደሚቆም፣ ሰዓት እንዴት እንደሚያዝ። ፖሊስ ነው! ያሳድዳቸው የነበረው ፖሊስ።

አሁን ወደ እስትንፋሱ ልመለስ። ሞተር ነዳጅ ብቻ አይደለም የሚበላው፤ አየርም ይበላል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲወዳደር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ደስ የሚለው፣ ከቆሙበት ተነስቶ ሩብ ማይል የመጨረሻ ጊዜ ከጉልበቱ ጋር እኩል አይወድቅም፤ በኪዩብ ሩት ነው የሚሄደው። ጉልበት በግማሽ ቢቀንስ ሰዓቱ የሚረዝመው 26 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ስሌት ጂቡቲ ላይ በ18 ሰከንድ የሚጨርስ አሮጌ ዲኤክስ አዲስ አበባ ላይ 19 ሰከንድ ተኩል ይፈጅበታል ብዬ ገመትኩ። ሶማሌ ተራ ያለ ዕቃ ሁሉ ቢገጠምለት ይሄን ሰከንድ ተኩል መመለስ ቀላል አይደለም። አሜሪካኖቹ ዴንቨር አጠገብ፣ 1,770 ሜትር ገደማ ላይ ባንዲሜር የሚባል ሜዳ ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 2023 የሠራ። እዚያ የተመዘገበ ሰዓት ለከፍታው ተብሎ በስሌት ይስተካከል ነበር። መርካቶ ከዚያም 600 ሜትር ያህል ትበልጣለች። ይኼው የሳሳ አየር ነው ለአውሮፕላንም ረጅም ማኮብኮቢያ የሚጠይቀው፤ ጄት ሲመጣ የልደታው አሮጌ አውሮፕላን ማረፊያ አጥሮ ቦሌ የተሠራውም ለዚህ ነው።

«ታዲያ በዚህ ዲኤክስ ማንን ላሸንፍ?» አለኝ። ይሄኔ ነው ለጀማሪ የተሠራውን የውድድር ዓይነት የነገርኩት። ብራኬት ይባላል። ከመነሳትህ በፊት መኪናህ በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ ራስህ ትናገራለህ፤ ቁጥሩ መስታወቱ ላይ ይጻፋል። አንተ 19.5 ብትል፣ ከጎንህ ያለው ላንድክሩዘር 16.0 ቢል፣ አንተ በ3.5 ሰከንድ ቀድመህ ትለቀቃለህ። እንደተናገራችሁት ከሄዳችሁ እኩል ትደርሳላችሁ ማለት ነው። ታዲያ ዝም ብዬ 25 ብልስ? አይሆንም። ከተናገርከው ሰዓት ፈጥነህ ከገባህ ትሸነፋለህ። የሚያሸንፈው መኪናውን በደንብ የሚያውቅና መብራቱ ሲበራ እጅና እግሩ የማይዘገይ ነው። ለሥራዬ ሰዎች በሚገባ ቋንቋ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ተናግሮ በተባለው ቀን የሚያደርስ ፕሮግራመር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አላየሁም።

ለአባቱ ስነግራቸው ግን ከልጁ ቀድመው ገባቸው። እህል በረንዳ ከጥንትም በዚህ ነው የሚኖረው። ከጎጃም ወይም ከአርሲ የተላከ ጭነት ሲደርስ ደላላው ጆንያው ውስጥ ብረት ሰክቶ እፍኝ ያወጣል፣ ያሻል፣ ያሸታል፣ ከዚያ ላላየው ገዢ ስለ እህሉ ቃሉን ይሰጣል። ዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ሐሳብ ይዘው ከመምጣታቸው በፊት ያጠኑት ይህንኑ የእህል ደላሎች ሥራ ነበር፤ በማይተዋወቁ ነጋዴዎች መሃል ገበያው እንዴት እንደሚተማመን። ጤፉን ማኛ ነው ብሎ ሠርገኛ ሆኖ የተገኘበት ደላላ ነገ ማን ይሰማዋል? ዲኤክሱ መስታወት ላይ የሚጻፈው ቁጥርም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ የነገርኩት የጀማሪ ዝርዝር እሱ ከጠበቀው ጋር አልገጠመም። ማርሚታው ይቀመጥ። ፍሬኑን አሳይ፣ ጎማ ተራ ሄደህ ጎማህን ቀይር፣ ቀበቶው ይሥራ፣ ሄልሜት ግዛ። ፍሪሲዮኑን ሳታቃጥል ከቆመበት መነሳት ተለማመድ፤ ሩብ ማይል ላይ ብዙው ነገር የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ 20 ሜትር ነው። ግማሹን እየሳቀ ሰማኝ። ሄልሜቱን ሲሰማ ግን ዝም አለ፤ እሱም ማን ትዝ እንዳለው አውቃለሁ፣ እኔም ትዝ ብሎኛል።

አንድ ነገር ደግሞ በኛ ዕድሜ ተቀይሯል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይበላም። ጂቡቲ ላይ ያለውን ጉልበት ይዞ ነው እንጦጦ የሚወጣው፤ እንዲያውም የሳሳው አየር ፊት ለፊት የሚገፋው ስለሚቀንስ ትንሽ ይጠቅመዋል። ማርሽ የለው፣ ፍሪሲዮን የለው፤ ሲረገጥ ያለውን ሁሉ ባንዴ ይሰጣል። ከቤንትሌይ ሲድሌይ ወዲህ ከተማዋን ከሞሏት መኪኖች ሁሉ ከፍታዋ ጉልበት የማይቀንስበት ይሄ ነው። ክብደቱ ግን ከባድ ነው፤ 402 ሜትሩን በጨረሰ ጊዜ የያዘውን ፍጥነት በሰላም ለማቆም በቂ ቦታ ይፈልጋል። ይህም ሲደመር ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ የተዘጋ አስፋልት ነው፤ ዳር ላይ አምቡላንስና አንድ ሳጅን የቆሙበት። ለድራግ ሬስ ተብሎ የተሠራ እንዲህ ያለ ሜዳ አዲስ አበባ እስካሁን የላትም።